የመቅደላ ስም በእንግሊዝ መኳንንት ቤት

የመቅደላ ስም በእንግሊዝ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ማዕረግ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላን የያዘው የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ናፒየር ባሮን ተባለ፤ ማዕረጉም «የመቅደላው ናፒየር» ሆነ። ለድል አድራጊ ጄኔራል የተዋጋበትን ቦታ ስም መስጠት የእንግሊዞች ልማድ ነው። ሱዳን ላይ የዘመተው ጄኔራል ኪችነርም የካርቱም ሎርድ ተብሏል።

ማዕረጉ የሚተላለፈው በወንድ ዘር ብቻ ነው። ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሞት ሦስት ልጆቹ ተራ በተራ ወረሱት። የመጨረሻው እስከ 1948 ድረስ ይዞታል። ማዕረጉ ዛሬም ከቤተሰቡ አልወጣም። ያውም እስከ 1999 ድረስ እንዲህ ያለ ማዕረግ የወረሰ ሰው ማንም ሳይመርጠው የሎርዶች ምክር ቤት ገብቶ ሕግ ያወጣ ነበር።

ከቤተሰቡ ጋር ጠብ የለኝም። አያቱን መርጦ የሚወለድ የለም። ጥያቄዬ ለእንግሊዝ መንግሥት ነው።

ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም እዚያው ተገኝቶ ይገዛ ነበር። ሙዚየሙ ዛሬ አሥራ አንድ ታቦታት ለሕዝብ ሳያሳይ አስቀምጧል። መልሱልን ሲባል ንብረቱን አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን ሕግ ይጠቅሳል። ደግሞም ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው የሚሉን አሉ።

እንዴት ነው ያለፈው? የዚያ ዘመቻ ሽልማት እኮ እስከ ዛሬ በሕግ ይወረሳል! ክብሩ ለልጅ ልጅ ከተላለፈ፣ የተዘረፈውን የመመለስ ኃላፊነት በምን ምክንያት ይቀራል? የቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ሲባል የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 እንቢ አለ። የናፒየር ልጆች በመቅደላ ስም ሲጠሩ ኖሩ፤ የመቅደላው ልጅ ግን ላገሩ አፈር እንኳ አልበቃም። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

የሙዚየሙን ሕግ ያወጣው የእንግሊዝ ፓርላማ ነው፤ ማሻሻልም ይችላል። ከታቦታቱ ይጀምር።