ሁለቱም በፕራይማቸው ቢሆኑስ?

ሰው ተሰብስቦ ከሚያነሳቸው ጨዋታዎች ሁሉ ማንም የማያሸንፍህ አንተም ማንንም የማታሸንፍበት አንድ ርዕስ አለ፣ እሱም ቦክሰኞቹ መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል የሚለው ነው። ስለ ፖለቲካ ብትከራከር ቢያንስ አንድ ቀን ምርጫ ይመጣል፣ ስለ ኳስ ከሆነ ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ይሄ ግን መቼም ላይፈታ ነው እኮ፣ አንደኛው 2016 ላይ አርፏል ሌላኛው ሼባ ሆኗል። ደሞ የሚገርመኝ በህይወቱ ጓንት አጥልቆ የማያውቅ፣ ሁለት ፎቅ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰውዬ ነው «ታይሰን ዝቅ ብሎ ይገባና እዚች ጋ፣ እዚች ጉበቱ ላይ ሲለው አለቀ» እያለ በክርኑ የኔን ጎን የሚደቃው። ጉበቴ ምን አደረገህ ወንድሜ።

ሲጀመር ሁሉም ጨዋ ነው። «ሁለቱም በፕራይማቸው»፣ ማለትም በብቃታቸው ጫፍ ላይ ሳሉ፣ ይባላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ድርድሩ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው። የአሊ ደጋፊ የ1966ቱን አሊ ይዞ ይመጣል፣ እግሩ መሬት የማይነካውን፣ ለታይሰን ግን የሚመርጥለት 1990 ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ ተዘርሮ ከአፉ የወደቀውን የጥርስ መከላከያ መሬት ለመሬት እየዳበሰ የሚፈልገውን ነው። የታይሰኑ ደግሞ መች ይተኛል፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የሸኘውን የ1988ቱን ታይሰን ያቆምና ለአሊ 1980 ላይ በ38 ዓመቱ በላሪ ሆምስ ሲቀጠቀጥ የዋለውን ያሰልፍለታል። ምኑ ነው ፕራይም?

ከዛ ሂሳብ አዋቂው ይነሳል። አሊን ሆምስ መታው፣ ሆምስን ታይሰን በ4ኛው ዙር ዘረረው፣ ስለዚህ ታይሰን አሊን ይመታል፣ ተዘጋ። ቆይ እንጂ፣ በዚህ ሂሳብ ከሄድንማ ታይሰንን ዳግላስ ስለዘረረው የምንጊዜም ምርጡ ቦክሰኛ ዳግላስ ነው ማለት ነው፣ እሱን ደሞ እዛው ዓመት ሆሊፊልድ በ3ኛው ዙር አስተኝቶታል። የድሮው ሻምፒዮን የሮኪ ማርሲያኖ ደጋፊም እንደዛው ነው፣ 1951 ላይ ጆ ሉዊስን በ8ኛው ዙር አወረደው ይልሃል፣ ሉዊስ ያኔ 37 ዓመቱ እንደነበረና ከጡረታ ተመልሶ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም።

ማርሲያኖ ከተነሳ አይቀር፣ በጣም የሚያስቀኝ እሱንና የዚህ ዘመኑን ግዙፍ ቦክሰኛ ታይሰን ፊዩሪን (ሌላ ታይሰን ነው) የሚያጋጥሙት ናቸው። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ገጥሞ 49 ያሸነፈ፣ 43ቱን በዝረራ የጨረሰ፣ 1956 ላይ ሳይሸነፍ የወጣ ሰው ነው፣ እሺ፣ ወኔ የሚባል ነገር ነበረው። ግን ሚዛኑ 85 ኪሎ ገደማ ነው፣ ዛሬ ቢሆን ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ምድብ ከ90.7 ኪሎ በታች ካሉት ጋር በሰላም ይወዳደር ነበር። ፊዩሪ ደሞ 2 ሜትር ከ6 ሆኖ ከ120 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እኔ ይሄን ስል ምን ተባልኩ መሰላችሁ፣ «1919 ቶሌዶ ላይ ዴምፕሲ ዊላርድን ምን አደረገው?» እውነቱን ነው፣ ጃክ ዴምፕሲም 85 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ጄስ ዊላርድ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ነበር፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 7 ጊዜ ጣለው። ግን ያኔ የጣልከው ሰው እስኪነሳ ራቅ ብለህ ገለልተኛ ጥግ ላይ ጠብቅ የሚል ሕግ አልነበረም፣ ዴምፕሲ አጠገቡ ቆሞ ጉልበቱ ከመሬት ሲላቀቅ ጠብቆ ነው ደግሞ የሚልከው። ስለዚህ በማን ሕግ ነው የምናጋጥማቸው? በዛሬው 12 ዙር ወይስ በድሮው? ያው ዊላርድ ራሱ 1915 ሃቫና ላይ ጥቁሩን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰንን የዘረረው በ26ኛው ዙር ነው፣ ግጥሚያው ደሞ የተያዘው ለ45 ዙር ነበር። ፊዩሪን 45 ዙር አቁመኸው ማለት... እኔ ቁጭ ብዬም አላየው።

ቦክሰኞቹ ራሳቸው እኮ መልሰው ጨርሰውታል፣ የሚሰማቸው ጠፋ እንጂ። ነጩ ሻምፒዮን ጂም ጄፍሪስ ሳይሸነፍ ጡረታ ወጥቶ ከርሞ፣ አንተ ብቻ ነህ ጆንሰንን የምታወርደው ተብሎ ተለምኖ፣ ወደ 45 ኪሎ ቀንሶ 1910 ሬኖ ላይ ተመለሰና በ15ኛው ዙር አለቀለት። ከዛ በጉልበቴ ዘመንም ቢሆን ጆንሰንን አልችለውም ነበር ብሎ አመነ ይባላል። ደጋፊዎቹ ግን እሱን ከማመን እሱ ራሱን አያውቅም ማለት ቀለላቸው (ከግጥሚያው በኋላ በየከተማው በተነሳው የዘር ረብሻ ሰው ስለሞተ እዚህ ጋ መቀለዱን ልተው)። ታይሰንም 1989 ላይ በቴሌቪዥን አሊ አጠገብ ተቀምጦ የምንጊዜም ታላቁ እሱ ነው ብሎ እጁን ሰጥቷል። ይሄን ለታይሰን ደጋፊ ብትነግረው «ትህትና ነው» ይልሃል። ታይሰን! በትህትና!

በማሽን ይለይ የሚለውም አዲስ ነገር አይደለም። 1967 ላይ ለሬዲዮ በየዘመኑ የነበሩ ሻምፒዮኖችን የሚያጋጥም ምናባዊ ውድድር በኮምፒውተር ተሰርቶ አሊ በዛው በጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ፣ አሊ ስሜ ጠፋ ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሰረተ። ኮምፒውተር ዘርሮት ፍርድ ቤት የሄደ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን ይቀራል? ከዛ 1969 ላይ አሊ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ታግዶ ሳለ ከማርሲያኖ ጋር ስቱዲዮ አስገብተው ቀረጿቸው፣ ማርሲያኖ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሶ በራው ላይ ዊግ ደፍቶ መጣ፣ ለመጨረሻው ብዙ አማራጭ ተቀረጸ፣ የትኛው እንደሚወጣ አልተነገራቸውም። ማርሲያኖ ውጤቱን ሳያይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጥር 1970 ሲኒማ ቤት ሲታይ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፣ ለአውሮፓ በተላከው ቅጂ ደሞ አሊ አሸነፈ። ኮምፒውተሩ እንደየአገሩ ሰው ሙድ ይፈርድ ነበር ማለት ነው፣ ከዳኛ በምን ተሻለ?

የእውነት የሁለት ዘመን ግጥሚያ ህዳር 2024 ላይ አየን እኮ፣ የ58 ዓመቱ ታይሰን ከ27 ዓመቱ ዩቲዩበር ቦክሰኛ ጄክ ፖል፣ ታይሰን ጓንቱን እየነከሰ 8 ዙር ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ። ከወር በኋላ በዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክና በፊዩሪ ሁለተኛ ግጥሚያ ላይ ደሞ ኤአይ ዳኛ ለሙከራ ገባ፣ ሦስቱ ሰው ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ሰጡ፣ ኤአዩም 118 ለ112 ለሱው፣ ፊዩሪ ግን አሸንፌ ነበር ብሎ ወጣ።

እኛም ጋ ጀለሶቼ ነገሩን ለኤአይ አቀረቡት። የአሊው ስልኩን አውጥቶ «አሊ ታይሰንን እንዴት ነው የሚያሸንፈው?» ብሎ ጻፈ፣ በጃብ (በቀጥታ ቡጢ) አርቆ፣ አድክሞ፣ በ10ኛው ዙር ይዘርረዋል ተባለ። የታይሰኑ ደሞ በራሱ ስልክ «ታይሰን አሊን እንዴት ነው የሚያሸንፈው?» አለ፣ በ4ኛው ዙር በግራ ሁክ (ከጎን በሚመጣ ቡጢ)። ሁለቱም ስክሪናቸውን አፍንጫዬ ስር ደቀኑ፣ እኔ ጥያቄውን ቀይሩት እንጂ ልል አፌን ስከፍት የታይሰኑ ቀደመኝ፣ «ያንተ እኮ ፍሪው ነው፣ የኔ ፕሪሚየም ነው።»