ሰርቪስ ቻርጁ የት ገባ?

አስተናጋጅ ሆኜ በምሠራበት ምግብ ቤት ቢሉ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ አለ። ደንበኛው እሱን ከፍሎ "አስተናጋጁ ድርሻውን አግኝቷል" ብሎ ይወጣል። እኛ ግን ከዚያ ብር ሰባራ ሳንቲም አይደርሰንም። ብርጭቆ ሲሰበር ግን ከደመወዛችን ይቆረጣል! ደንበኛ ሳይከፍል ቢጠፋም ሂሳቡ የአስተናጋጁ ዕዳ ነው።

የባለቤቱም ጭንቀት ይገባኛል። በተለይ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ኪራዩም ዘይቱም አልቀመስ ብሏል። ታዲያ ወጪ በጨመረ ቁጥር የሚጨመቀው ሠራተኛው ብቻ ነው እንዴ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት አለፉ። የታለ? ጾም ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ቲፑም ይጠፋል። አከራዬ ግን ወሩ ሲሞላ በሬን ያንኳኳል። ምን ልክፈለው?