የተላጠ ቀለም ጀርባው ይታይ

ቤቱን ከውጭ ለማስቀባት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በቀለሙ መልክ ነው። የናሙና ካርድ ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ሳምንት ሙሉ ይከራከራል፤ ክሬም ይሁን አመድማ የሚለው ከተቆረጠለት በኋላ ግን ሥራው ያለቀ ይመስለውና ቀቢውን «ነገ ጀምር» ይለዋል። በእኔ እምነት ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የውጭ ቀለም ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ግድግዳው ላይ በተሠራው ሥራ ነውና።

ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከአሮጌ ግድግዳ ላይ የተላጠ ቅርፊት ያንሡና ጀርባውን ይመልከቱ። የልስን ዱቄት ይዞ ከመጣ የላላው ቀለሙ ሳይሆን ልስኑ ነው። የቀድሞው ቀለም ብናኝ ከተጣበቀበት፣ አዲሱ የተቀባው በደንብ ባልተፈተገና ባልታጠበ ገጽ ላይ ነበር ማለት ነው። ቅርፊቱ የተነሣበት ቦታ ከረጠበ ወይም ነጭ ጨው ካወጣ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ። በእነዚህ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢገዛ መላጡ አይቀርም ነበር።

ከሦስቱ የከፋው ውሃው ነው። ከተቀደደ አሸንዳ፣ ከመስኮት ሥር ካለ ስንጥቅ ወይም ከመሠረቱ ወደ ላይ እየተሳበ የገባ እርጥበት፣ ፀሐይ ግድግዳውን ባሞቀችው ቁጥር ተን ሆኖ ለመውጣት ይገፋል፤ መውጫ ያጣ እንደሆነ ቀለሙን አሳብጦ ያፈነዳዋል። በልስን ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባትን የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ሠርቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ በውሃ የሚበጠበጠው አክሪሊክ ግን ተኑን ያሳልፋል። ልስኑ አዲስ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ሲሚንቶ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ዘይቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ስለዚህ አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፤ ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅ የሚጓጓ ባለቤት ይህን መስማት እንደማይወድ አውቃለሁ።

ዝግጅቱ ራሱ አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። ጠቆር ያለ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሲታሽ ነጭ ዱቄት ካነሣ፣ ዱቄቱ ታጥቦ፣ ግድግዳው ደርቆና ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ጠጥቶ ካልሆነ በስተቀር የሚቀጥለው ቀለም የሚጣበቀው በአቧራ ላይ ነው። ስንጥቅ የሚሞላው ለውጭ በተሠራ ስቱኮ ነው፤ በጂፕሰም የተሠራው የቤት ውስጥ ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ ዝናብ ያፈርሰዋል። በጣም ያረጀ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ እያረጠቡ እንጂ በደረቁ መፈተግ የለበትም።

ስለ መልኩ ብዙ አልልም። በካርዱ ላይ የረጋ የሚመስለው ቀለም ሰፊ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ፈዝዞና ነጥቶ ይታያል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ቀብቶ ጠዋትም ማታም ማየት ይበጃል። ከብረት ዝገት የሚሠሩት እንደ አፈር ያሉ ቀይና ቡናማ ቀለሞች ፀሐይን ይችላሉ፤ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ግን ብዙዎቹ ቶሎ ይለቃሉ።

በአቀባቡ ላይ ባለቤቱ ሊከታተለው የሚገባው የውሃውን መጠን ነው። ከጣሳው መመሪያ በላይ የቀጠነ ቀለም ለሮለር ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን የቀለሙን ብናኝ አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ሳስቶ ዱቄት ይሆናል። አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እንግዲህ 120 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት እጅ ሲቀባ 24 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በ15 ሊትር አልቆ ከተገኘ የጎደለው በምን እንደተሞላ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጣሳዎቹ በአንድ ትልቅ ባልዲ ተደባልቀው ቢጀመር ደግሞ ግድግዳው መሐል ላይ የመልክ ልዩነት አይወጣም።

ከተረፈው ጥቂቱን፣ የቀለሙን ቁጥርና ቀኑን ክዳኑ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የተጫረውን ቦታ ብቻ መንካት አያዋጣም፤ ግድግዳው በፀሐይ የፈዘዘውን ያህል ጣሳው ውስጥ ያለው አልፈዘዘምና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መቀባት ግድ ይላል።