ማስተካከያ፦ የጆሮው መሣሪያና እንቅልፍ

ባለፈው ጽሑፌ «በጆሮ በኩል የሚሰጠው የቬገስ ነርቭ ማነቃቂያ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለእንቅልፍ ማጣት ተፈቅዷል» ብዬ ነበር (ቬገስ ከአንጎል ወደ ደረትና ሆድ የሚወርድ ነርቭ ነው)። ተሳስቻለሁ። ሁለት ነገር ደባልቄ ነው። በዚያ ዓመት የተፈቀደው በቀዶ ሕክምና ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መሣሪያ ነው፤ እሱም ለሚጥል በሽታ። የጆሮው መሣሪያ ግን ቀዶ ሕክምና የሚባል ነገር የለውም። የነርቩ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ውጭኛው ጆሮ ቆዳ ስለሚደርስ፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ምት ከላይ ይሰጠዋል። ለእንቅልፍ ግን ገና እየተጠና ነው። ውጤቱ ተስፋ ቢሰጥም ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው።

ስለ ጆሮው መሣሪያ «ከሁሉም ሕክምና ይቀድማል» ያልኩትንም አንስቻለሁ፤ ትንሽ ቸኩዬ ነበር። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚመከረው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር የጆሮውን መሣሪያ እንዳይሞክር።