ለቁልፍ አልባዋ ሣጥን የቀረበ ውዳሴ

ጠዋት ተነስቶ ጣቱን የሚያፍታታ ኪቦርድ ተጫዋች ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ምስኪን! በዚህ ዘመን ልምምድ ምን ያደርጋል? የሰለጠነ ሙዚቀኛ መሣሪያ ይለውጣል። ድምፁ አልጥም ካለ መሣሪያ። የሠርግ ሥራ ከጠፋ መሣሪያ። ዘፋኙ ከቅኝት ሲወጣ እንኳ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ጥበብ ተራቋል። በፈረንጆቹ 1994 የወጣው ሮላንድ ጄቪ-1080 አለው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ኪቦርድ ነው፣ ግን ኪቦርዱ የለውም። ስፋቱ 19 ኢንች የሆነ ጥቁር የብረት ሣጥን ነው። ራክ በሚሉት መደርደሪያ ላይ በብሎን ይታሰራል። ውስጡ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ጣት የሚያርፈው ሌላ ኪቦርድ ላይ ነው፤ ትእዛዙ በሚዲ ገመድ ይደርሰዋል። ሣጥኑ የመጣ ቀን እናቱ ዙሪያውን አዩት አዩትና «ልጄ፣ የምትነካካው የታለ?» አሉት። ሙያው የሌለው ሰው መቼም እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል።

አሁን ወዳጄ «ወደ ጄቪ-2080 ልደግ ወይስ ልቆይ?» በሚል ጭንቅ ውስጥ ነው። ማሰብ ከጀመረ ስምንት ወር አለፈው። በየቅዳሜው ማኪያቶ ይዘን እንመክራለን። ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ እሱ እየቆጠበ ነው።

ነገሩ እንደው ዝም ብሎ የሚወሰን አይደለም። ተጨማሪ የድምፅ ካርድ የሚሰካበት ቦታ 1080ው ላይ አራት ነው፣ 2080ው ላይ ስምንት። ወዳጄ ስንት ካርድ አለው? አንድም። ስለዚህ ዛሬ አራት ባዶ ቦታ አለው፤ ከለወጠ ስምንት ባዶ ቦታ ይኖረዋል። እጥፍ ማለት ነው። እድገት እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ከየት ይምጣ?

«በአንድ ጊዜ የሚያወጡት ድምፅ ግን ያው 64፣ 64 አይደለም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን። በሐዘኔታ አየኝ። «አንተ ደግሞ! አንዱ ፓች፣ ማለት አንዱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ፣ እኮ በውስጡ እስከ አራት ድምፅ ይደራርባል። 64ን ለአራት አካፍለው። 16 ኖታ ብቻ! በ16 ኖታ ምን ሊሠራ ነው?» ሳላስበው ጣቶቹን ቆጠርኩ። አስር ናቸው። እንዳላስቀይመው ዝም አልኩ። ትዝታ አምስት ድምፅ ናት። ባቲ አምስት፣ አምባሰል አምስት፣ አንቺሆዬም አምስት። አባቶቻችን በአምስት ድምፅ ሲያለቅሱ የኖሩት የተሻለ ሞዴል ስላልደረሰላቸው ይሆናል።

ሣጥኑ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች አሉ። ወዳጄ ሦስቱን ያውቃቸዋል፦ ስትሪንጉን፣ ብራሱን፣ እና «ማሲንቆ ነው» እያለ የሚምልበትን አንድ ፉጨት። ከግድግዳው ወዲያ ማታ ማታ ማሲንቆ የሚገዘግዝ ጎረቤት አለው። እውነተኛ ማሲንቆ። አንድ አውታር ብቻ፣ እሱም የፈረስ ጭራ። በወዳጄ ቋንቋ ካየነው ፖሊፎኒው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ድምፅ፣ 1 ነው። «ለምን እሱን ጠርተህ አታስቀርጸውም?» ብለው «እሱ ሚዲ የለውም» አለኝ።

ይህ ሰው በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጥ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ሞጁል፣ ያው ቁልፍ አልባ ሣጥን፣ የአክስቱ ልጅ ከዋሽንግተን በሻንጣ አምጥታለት ነበር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል ያለው ሰው አልጠፋም። ወዳጄ ግን ቸኩሎ ነበርና ቀጥታ ሰካው። ትንሽ ጭስ፣ ብዙ ሽታ። ጠጋኙ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ መልሶ ዘጋው። ወዳጄ ከዚህ የተማረው ምን መሰላችሁ? ያ ሞዴል ደካማ እንደነበር።

የኮምፒውተሩን ነገርም አንስቼበታለሁ። ሮላንድ ራሱ ዛሬ ያንኑ 1080 በሶፍትዌር መልክ ይሸጠዋል። ሣጥን የለም፣ ብሎን የለም፣ ሻንጣ የለም። ፊቱ ጠቆረ። «ሰው መድረክ ላይ ምኑን ያያል?» አለኝ። ልክ ነው! ሙዚቃ እኮ የሚታይ ነገር ነው። ቤቱ ሳሎን ውስጥ 1080ው ዳንቴል ለብሶ፣ ከነሠርግ ፎቶው ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ገለጥ ይደረጋል፤ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ እንግዳው «አቤት!» ይላል፤ ዳንቴሉ ይመለሳል።

ባለፈው እሑድ አንድ ሠርግ ላይ ሊጫወት ሄዶ አብሬው ነበርኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መብራት ድርግም አለ። 64ቱም ድምፅ ባንዴ ጸጥ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። እናቶች ምንም ሳይመስላቸው ከበሮ አንስተው «ሙሽራዬ»ን ጀመሩት፤ ጭብጨባው ድንኳኑን ነቀነቀው። ሰው ሁሉ እስክስታ ወረደ። መብራቱ መጥቶ እንኳ ማንም ወደ ኪቦርዱ ዞር ያለ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ «ገባኝ» አለኝ። ተስፋ አደረግሁ።

«ኤክስቪ-5080 ነው መግዛት ያለብኝ። እሱ 128 ነው።»

ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ማኪያቶው በእኔ ነው።