ባዶ እጅህን እንዳትመጣ

ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። በማመስገን የምታወቅ ሰው አይደለሁም፣ ግን ውለታ ሲበዛ ዝም ማለትም ነውር ነው። ምስጋናው ሙዚቀኛን ከአንጀታችሁ ለምትወዱ ለእናንተ ይድረስ። ከመውደዳችሁ የተነሳ ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከላችን ገብቶ ፍቅራችንን እንዳያበላሸው ለምትጠነቀቁት።

በቀደም አንድ የሩቅ ዘመዴ ደወለልኝ። ልጁን ሊድር ነው። ሌላውን እንግዳ «ምንም አልልህም፣ ባዶ እጅህን ና» ሲል የነበረ ሰውዬ እኔን «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አለኝ። «ኪቦርዷን ያዝና ና፣ አንድ ሁለት ነገር ትነካካልናለህ።» እስቲ ይቺን «ትነካካልናለህ» እዩልኝ። ግንበኛ ጠርቶ «ና አንድ ሁለት ብሎኬት ትነካካልናለህ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው ሥራው መነካካት የሚሆነው። ክብር አይደለም ትላላችሁ?

አንድ ሁለት የተባለችው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምራ የሌሊቱን 5 ሰዓት ነካች። ድንኳን ያከራየው ተከፈለው። ወንበር ያመጣው ተከፈለው። ዲጄው ቀብዱን ተቀብሎ ነው እግሩን ያነሳው። የጄኔሬተሩ ሰውዬም ተከፈለው፣ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ጠፍቶ። እኔ አንዴም አልጠፋሁም። የኔን ሒሳብ ባለሰርጉ ራሱ ትከሻዬን አቅፎ ነው የዘጋው፦ «አንተማ ቤተሰብ ነህ!» ከፍለውኝ ከቤተሰብነት ብወጣስ ኖሮ? ኪቦርዷን የጫንኩበትን የኮንትራት ታክሲ ሒሳብ ደግሞ እኔው ቻልኩት፣ ቤተሰብ አይደለሁ።

ሽልማት እንኳ ነበረ። ድምፃዊው ግንባሩ ላይ ብር እየተለጠፈለት አመሸ። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግን አጎንብሶ ነው የሚውለው፣ ያጎነበሰ ግንባር ላይ ደግሞ ብር አይጣበቅም። ማንንም አልወቅስም፣ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አንድ አጎት ብቻ ሞቅ ሲላቸው እየተወላገዱ መጥተው 100 ብር አጥፈው ቁልፎቹ መሀል ሰኩልኝ። ቁልፉ ተያዘ። የቀረውን ዘፈን ያለ «ሚ» ጨረስኩት። ማንም አላወቀም። (ድምፃዊው አውቋል፣ እሱም ዝም አለ።)

ቀን ቀን ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርኩ ፒያኖ አስተምራለሁ። አንዱ ቤት ያለው ፒያኖ የሳሎኑ ንጉሥ ነው። ዳንቴል ለብሷል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የምረቃ ፎቶ፣ የሰርግ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ። ክዳኑን ለመክፈት መጀመሪያ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ማንሳት አለብኝ። ክረምት ሲሆን እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠውና ጥቂት ቁልፎች ገብተው አይመለሱም። ውስጡ ከ200 በላይ የብረት ክር አለ፣ ከተገዛ ጀምሮ ግን አንድ ሰው ነክቶት አያውቅም። መቃኘት አለበት ስላቸው የልጁ እናት ሳቁብኝ። «ቲቸር ደግሞ! ክራር መሰለህ እንዴ?»

ልጁ 9 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ነው። አንድ ቀን በቀኝ እጁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እያለ ሲንገዋለል ቆይቶ ሳያስበው የትዝታ ቅኝት ላይ ወደቀ። አላስተማርኩትም። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ እንደገና ሊሞክራት ጣቱን ሲያነሳ ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። «ቲቸር! እሱንማ ታክሲ ውስጥም እንሰማዋለን፣ ክላሲክ ክላሲኩን አስይዘው እንጂ!» እናት ናቸዋ፣ ለልጃቸው ትልቁን ነው የሚመኙት። በሦስት ወር ውስጥ እንዲሆንላቸው የሚፈልጉትም ከዚሁ ፍቅር ነው።

ሒሳብ አያያዛቸውንም ሳላደንቅ አላልፍም። ልጁ ካመመው አይቆጠርም። ፈተና ከደረሰ አይቆጠርም። ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ዝናብ ደብድቦኝ፣ በራቸው ላይ ቆሜ ስደውል «ውይ ቲቸር! ሳንነግርህ! ልደት መጥተን እኮ ነው» ይሉኛል። እሱም አይቆጠርም። ከስልኩ ጀርባ ኪቦርድ ይሰማኛል። የትኛው ወንድሜ ይሆን እዚያ ተጠርቶ የሚነካካው?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ማንበቡን ስለምትወዱ ታሪክ እየጠቀሳችሁ ታበረቱኛላችሁ። «እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እንኳ የሸክላቸውን ገቢ ለችግረኛ ልጆች ነው የሰጡት።» እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ያረፉት ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ሰጥተዋል። ግን እንዲሰጡት መጀመሪያ ሸክላውን ብር ከፍሎ የገዛ ሰው ነበራ! እንደ እናንተ የሚወዳቸው አድማጭ ቢሆን ኖሮ ሸክላውን ተውሶ ይሄድ ነበር፣ ልጆቹም በጭብጨባ ያድጉ ነበር። ኃይሉ መርጊያም ይነሳብኛል፣ የዋልያስ ባንዱ፣ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ የነበረው። የሚነግሩኝ ተስፋ እንዳልቆርጥ ነው። እኔ ጆሮ ቶሎ የምትገባው ግን «ታክሲ» የምትለዋ ናት። ከታክሲ ሲወርድ «አንተማ ቤተሰብ ነህ» የሚል ሰው የለማ።

ባንክ ቤት ሄጄ ፎርም ስሞላ እንኳ ልጅቷ ተጨነቀችልኝ። «ሥራ?» አለችኝ። «ሙዚቀኛ።» «እሺ፣ ሙዚቃውን አወቅኩት፣ ሥራህን ነው።» መምህር ብዬ አስጻፍኩ። ደሞዝ የምትለዋ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን።

የሰርጉ ማግስት ባለሰርጉ ዘመዴ ደወለ። እንዴት አሳመርክልን፣ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚያወራው፣ ቪዲዮው ላይ ግን ጀርባህ ብቻ ነው የገባው፣ አለኝ። ዘጋሁት ስል «ቆይ ቆይ» አለ።

«መልስ አለ።»

ልቤ ደነገጠ። የታክሲዋንም ሒሳብ አስቦልኝ ይሆናል ብዬ እሺ፣ የት ልምጣ አልኩት።

«እነሙሽሪት ቤት። ሐሙስ በ7 ሰዓት። ባዶ እጅህን እንዳትመጣ።»