«ፍላሽ ይደረግ» ላልከው ልጅ

ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች! ስልኬ አይጮህም ብለው ለመጡ እናት ፍላሽ፣ ስልኩን እንዳለ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን? ለራስ ምታት አንገት መቁረጥ እኮ ነው።

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ ስልክ ጠጋኙ ጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፦

«ልጄ፣ ልጆቹ ሲደውሉ ይሄ ስልክ አይጠራም። እኔ ስከፍተው ነው የሚጮኸው።»

«ቫይበር ነው ኢሞ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የልጅ ልጆቼ የሚታዩበት።»

ጠጋኙ ሳቀ። አጠገቡ ያለውም ሳቀ። «እማማ፣ ለእርስዎ ባለ በተን ይበቃዎታል። 400 ብር፣ ፍላሽ እናደርገዋለን።»

እሳቸውም መቀነታቸውን ፈቱ። ብሩ በላብ ተጣብቆ በአንድ በአንዱ ነው የሚላቀቀው። ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ እንደሚጠፋ የነገራቸው የለም። «ቆይ እስቲ» ቢባል «አንተን ምን አገባህ?» መጣ። ያ ረቢ!

ሴትየዋ እኮ ችግሩን ቁልጭ አድርገው ነግረውህ ነበር! «ስከፍተው ነው የሚጮኸው» ማለት ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ የሚደወልበትን ዋትሳፕ ከጀርባ ያስተኛዋል ማለት ነው። ርካሽ አንድሮይድ ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዋትሳፕ፣ ባትሪ፣ ከዚያ «አንሪስትሪክትድ»። «ኦቶ ስታርት» የሚል ካለ እሱንም ማብራት። ኖቲፊኬሽኑ መፈቀዱን ማየት። «ዱ ኖት ዲስተርብ»ም አለላችሁ፤ ከላይ ሲጎትቱት በስህተት ይነካና ይበራል፣ ከዚያ ስልኩ ድዳ ነው። ሁሉም ቡና እስኪፈላ አይቆይም። 400 ብር ወላሂ!

ሌላው «ኤክስፐርት» ደግሞ የሽማግሌውን ኢሞ በራሱ ቁጥር ከፍቶ ይሰጣል። የእሳቸው ሲም ኮድ ቶሎ አልመጣለትማ፣ ቸኩሏላ! ነገ ስልኩ ሲቀየር ኮዱ የሚመጣው ለማን ነው? ለእሱ። እሱ ደግሞ ቁጥሩን ከቀየረ ሰንብቷል። በራሳቸው ሲም ክፈቱላቸው፣ ሲሙ በስማቸው ይሁን፣ ዋትሳፕ ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩና 6 አሃዙን ፒን አንድ የሚታመን የቤተሰብ ሰው ይያዘው። «በስህተት ኮድ ልኬልዎት ነበር፣ ያንብቡልኝ» ለሚል ሰው ደግሞ ዝም፣ መዝጋት። ዋትሳፕ 120 ቀን ያህል ካልተገናኘ አካውንቱን ይሰርዛል። በ2015 መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋስ? ተውት፣ እሱን ካነሳን እዚሁ ማደራችን ነው።

እናንተ ውጭ ያላችሁትም አትሳቁ። «በ4 ሰዓት እንደውላለን» ትላላችሁ፤ እናንተ የምታስቡት የፈረንጁን 4 ፒኤም፣ እሳቸው ጠዋት በ4 ሰዓት ነጠላ ለብሰው ስልኩ ፊት ቁጭ! በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነበረባችሁ። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ በበጋችሁ 7፣ በክረምታችሁ 8 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ናችሁ። መጋቢት አካባቢ ሰዓታችሁን ስትቀይሩ፣ ጥቅምት መጨረሻ ስትመልሱ ደሴ አይቀየርም፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጅዳና ሪያድ ያላችሁ ከኛ እኩል ናችሁ፣ ሰበብ የላችሁም። ዱባይ ላይ የዋትሳፕ ጥሪ ተዘግቷል፤ «እማዬ አታነሳም» እያላችሁ ከምታኮርፉ እዚያ የሚሠራውን ቦቲም የሚባል መደወያ አፕ አስጭኑላቸው።

የ3 ዓመት ሕፃን ስክሪን ፊት ገትሮ «ሰላም በል፣ አያትህን ሰላም በል» ማለትስ ምን የሚሉት ቅጣት ነው? እሱ ይሸሻል፣ እሳቸው «ጠላኝ» ብለው ያዝናሉ። አያቱ ቡና ሲቆሉ፣ ዶሮ ሲያበሉ አሳዩት፤ 5 ደቂቃ ካየ በቂ ነው። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ስልኩን ስኳር ጣሳ ላይ አስደግፉላቸው እንጂ አታስይዟቸው፣ ከያዙት ጆሯቸው ላይ ነው የሚለጥፉት። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡ፤ ብርሃኑ ከኋላ ከመጣ ልጁ የሚያየው ጥቁር ጥላ ነው። ዋትሳፕ ውስጥ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ግቡና «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ»ን አብሩ። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ከ100 ሜጋ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ሒሳባቸውን ሙልጭ አድርጎ ይጠጣዋል።

መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ኔትወርኩም የራሱ አመል አለው። ያኔ የድምፅ መልዕክት ነው የሚያዋጣው። ማይኩን ተጭኖ ወደ ላይ መግፋት፣ ይቆለፋል፣ እጅ ነፃ ይሆናል፤ «ተረት ተረት» ብለው እስከፈለጉት ያውሩ። ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይሄዳል፤ ልጁ ማታ መቶ ጊዜ ይሰማዋል። ይሄን ለማሳየት ግን ማን ጊዜ አለው! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቲክቶክ ላይ ነው።

ብቻ 16 ጊጋ ስልክ ገዝታችሁ አትላኩ፣ በናታችሁ። «እንደምን አደራችሁ» የሚል አበባና ቪዲዮ ከየግሩፑ እየጎረፈ በወሩ ይሞላል። «ሚዲያ ኦቶ ዳውንሎድ»ን አጥፉላቸው ብንል የሚሰማ የለም። ሜሞሪው ሲሞላ ዋትሳፑ አፕዴት አይሆንም፣ አፕዴት ካልሆነ አንድ ቀን አልከፈትም ይላል፣ እሳቸው ፒያሳ ይወርዳሉ፣ ፒያሳ ያለው ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፣ ፍላሽ።